የማሌዥያ አድሚራል ስም ለምን ይረዝማል?

ዛሬ ራቅ ወዳለ ባሕር ልወስዳችሁ ነው። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ የእኛን ስጠቀም "ዓ.ም." ብዬ ለይቼዋለሁ።

ከአንድ ስም እንነሳ፦ "ላክሳማና ታን ስሪ ዳቶ ስሪ ሞሐመድ አንዋር ቢን ሞሐመድ ኑር"። ስንት ሰው ተጠራ? አንድ ሰው ብቻ! እኚህ ሰው ከ2003 እስከ 2005 የማሌዥያ ባሕር ኃይል አዛዥ ነበሩ። በ2005 የአገሪቱ የጦር ኃይሎች አዛዥ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2007 መጀመሪያም በቦታው ቆዩ። ያ ወንበር ለረጅም ጊዜ የምድር ጦር ጄኔራሎች ወንበር ነበር። ከባሕር ኃይል ተነስቶ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው መኮንን እሳቸው ናቸው።

ስሙን ከኋላ ጀምረን እንፍታው። "ሞሐመድ ኑር" አባታቸው ናቸው፣ "ቢን" ማለት "የ... ልጅ" ነው፣ "ሞሐመድ አንዋር" ደግሞ የራሳቸው ስም ነው። ማላዮች ልክ እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የላቸውም። ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው፤ የአባት ስም ይከተላል። ስለዚህ ፈረንጅ ግራ የሚጋባበት የማላይ ስም ለእኛ ቀላል ነው። ከፊት የተደረደረው ግን ሌላ ታሪክ ነው። "ዳቶ ስሪ" ከአንድ ክፍለ ግዛት ገዢ የሚገኝ ማዕረግ ነው። "ታን ስሪ" ከአገሪቱ ንጉሥ የሚሰጥ የፌዴራል ማዕረግ ነው። "ላክሳማና" ደግሞ ወታደራዊ ማዕረጋቸው ነው፤ አድሚራል ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንድ ስም ላይ ሁለት መሰላል ቆሟል። አንዱን መሰላል መኮንኑ በትምህርትና በአገልግሎት ደረጃ በደረጃ ይወጣዋል። ሌላውን ራሱ አይወጣውም፤ ንጉሥ ወይም ሱልጣን ከላይ እጁን ዘርግቶ ያወጣዋል። የዛሬው ጽሑፌ የሁለቱ መሰላሎች ታሪክ ነው። በተለይ "ላክሳማና" የሚለው ቃል ከአንዱ መሰላል ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም በውስጡ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። ንጉሥ ማዕረግ ሲሰጥህ አንተ ታማኝነትን ትሰጣለህ። ንጉሡ ቃሉን ካፈረሰ ግን ያንተ ታማኝነት ምን ይሆናል?

ወደ ማላካ እንሂድ። ማላካ በማላይ ልሳነ ምድርና በሱማትራ ደሴት መካከል ባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ የተቆረቆረች ወደብ ናት። በ1400 ገደማ ተመሠረተች፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ከዓለም ታላላቅ የንግድ ከተሞች አንዷ ሆነች። ምሥጢሩ ነፋስ ነው። ከሕንድ የሚመጣው መርከብ በአንዱ ወቅት ነፋስ ይመጣል፣ ከቻይና የሚመጣው በሌላው። ሁለቱም ነፋሱ እስኪዞር የሚጠብቁበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ያ ቦታ ማላካ ነበረች።

ከተማዋ በፖርቱጋሎች በተያዘች ማግስት፣ በ1512፣ ቶሜ ፒሬስ የሚባል ፖርቱጋላዊ መድኃኒት ቀማሚ እዚያ ደርሶ ያየውንና የሰማውን ጽፏል። በወደቡ ብዙ ጊዜ 84 ቋንቋ ሲነገር ይሰማ እንደነበር ይናገራል። ወደ ማላካ የሚመጡትን ነጋዴዎች ሲዘረዝር ከካይሮ፣ ከመካ፣ ከኤደንና ከኪልዋ ሰዎች ጋር ማንን እንደጻፈ ታውቃላችሁ? ሐበሾችን! አዎ፣ ከእኛ አካባቢ የሄዱ ሰዎች እዚያ ወደብ ላይ ይነግዱ ነበር።

ይህን ሁሉ ሕዝብ ለማስተዳደር ማላካ በደንብ የተደራጀ ቤተ መንግሥት ነበራት። ከሱልጣኑ ቀጥሎ ቤንዳሃራ አለ፤ እንደ ዋና ሚኒስትር ነው፣ ሱልጣኑ ሲጠፋ አገር የሚይዝ። ተመንጉንግ የከተማዋን ጸጥታ ይጠብቃል። የግምጃ ቤት ሹም አለ። ሻህባንዳር የሚባሉ የወደብ ሹሞች ደግሞ አራት ነበሩ፤ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ነጋዴዎችን ተከፋፍለው ይቀበላሉ። ሹመቱ በቁጥር የተደረደረ ነው፦ 4 ታላላቅ ሹሞች፣ ከሥራቸው 8፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 32። ማንም ተነስቶ ቢጫ ልብስ አይለብስም፤ ቢጫ የንጉሥ ቀለም ነው። በጥላ ቀለም ሳይቀር ሰው ደረጃው ይታወቅ ነበር። ይኼ መቼም ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ላክሳማና ከእነዚህ ታላላቅ ሹሞች አንዱ ነው። ሥራው መርከቦቹን ማዘዝ፣ የሱልጣኑን አካል መጠበቅ፣ አንዳንዴም መልእክተኛ ሆኖ ባሕር መሻገር ነው። መርከቦቹን የሚቀዝፉትና መተላለፊያውን የሚጠብቁት አብዛኞቹ "ኦራንግ ላውት" ይባላሉ፤ "የባሕር ሰዎች" ማለት ነው፤ ጀልባ ላይ ተወልደው ጀልባ ላይ የሚያረጁ ሕዝቦች። ማዕረጉ የተረት ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ማስረጃ አለ። ዛሬ የጃፓን ግዛት በሆኑት በሪዩክዩ ደሴቶች የድሮ መዝገብ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከማላካ ላክሳማና የተላከ ደብዳቤ ተገልብጦ ይገኛል።

ቃሉስ ከየት መጣ? ከሳንስክሪት ነው። በሕንዶች ታላቅ ገድል በራማያና ውስጥ ላክሽማና የሚባል ሰው አለ፤ የራማ ወንድም ነው። ራማ ዙፋኑን ተነጥቆ ወደ ጫካ ሲሰደድ ላክሽማና ማንም ሳያስገድደው አብሮት ተሰደደ። እንግዲህ ማላዮች እስልምናን ከተቀበሉ በኋላም የባሕር አዛዣቸውን በዚህ ስም መጥራታቸውን አልተውም። የማዕረጉ ትርጉም "የመርከብ አለቃ" አይደለም። ከጌታው የማይለይ ታማኝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከእኛ ጋር ላነጻጽር። የእኛ ማዕረጎች ጦር ሜዳ ላይ ነው የተወለዱት። ፊታውራሪ የፊት ጦር መሪ፣ ቀኛዝማች የቀኝ፣ ግራዝማች የግራ። በኋላ ግን ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ይሾምባቸው ጀመር፤ የሥራ ስም የክብር ስም ሆነ። ላክሳማና የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። የቤተ መንግሥት ክብር ሆኖ ተወልዶ በመጨረሻ የዘመናዊ ጦር ማዕረግ ሆነ። እንዴት? ቀስ እያልን እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ማዕረግ ሰጪውንና ተቀባዩን የሚያስተሳስረውን ቃል ኪዳን እንይ።

"ሰጃራህ ማላዩ" የሚባል የማላዮች ዜና መዋዕል አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቤንዳሃራ ቱን ስሪ ላናንግ እጅ እንደተቀናበረ ይነገርለታል። እዚያ ውስጥ እንደተተረከው የማላይ ነገሥታት አባት የሆነው መስፍን የአንዱን አለቃ ልጅ ሊያገባ ሲጠይቅ አለቃው በመጀመሪያ ቃል እንግባ አለው። ውሉ እንዲህ ነው። ሕዝቡ በንጉሡ ላይ በፍጹም አይከዳም። ንጉሡም በበኩሉ አገልጋዩን፣ ጥፋቱ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ አያዋርደውም፣ በስድብ አያሳፍረውም። ሞት የሚገባው ቢሆን እንኳ በሕግ ይሙት እንጂ አይዋረድ። ዜና መዋዕሉ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ንጉሥ አገልጋዩን ማዋረድ ከጀመረ መንግሥቱ ሊጠፋ መቃረቡን የሚያሳይ ምልክት ነው።

እኛ "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" ብለናል። ማላዮችም ንጉሥን መክዳትን "ደርሃካ" ብለው ከኃጢአት ሁሉ የከፋ አድርገውታል። ነገር ግን ውላቸው ሁለት ጫፍ ነበረው። አንደኛው ጫፍ ሲበጠስ ሁለተኛው ምን ይሆናል የሚለውን የሚጠይቀው ደግሞ የታላቁ ላክሳማና የሀንግ ቱዋህ ታሪክ ነው።

ሀንግ ቱዋህ በማሌዥያ የማያውቀው ሕፃን የለም። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የባቡር ጣቢያ በስሙ ተሰይሟል። በእርግጥ ኖሯል ወይስ አልኖረም የሚለው ክርክር ግን አላበቃም፤ በ2012 እውቁ ማሌዥያዊ የታሪክ ምሁር ኩ ኬይ ኪም ሰውየው አልነበረም ብለው አገር አነጋግረው ነበር። እኔ እዚህ የምነግራችሁ ማላዮች ስለ እሱ ሲነጋገሩ የኖሩትን ነው፤ እሱ ራሱ ታሪክ ነውና።

ታሪኩ እንዲህ ይሄዳል። ቱዋህና አራት ጓደኞቹ፣ ጀባት፣ ካስቱሪ፣ ለኪርና ለኪው፣ ከልጅነታቸው አብረው ያደጉ ናቸው። በጀግንነታቸው ቤተ መንግሥት ገቡ። ቱዋህ ከሁሉም በልጦ ላክሳማና ሆነ። ምቀኛ መቼም የትም አይጠፋም፤ ከቤተ መንግሥት ሴቶች ጋር ይማግጣል ብለው ለሱልጣኑ ነገሩበት። ሱልጣኑ ሳይጠይቅ፣ ሳያጣራ፣ "ይገደል" አለ። ቤንዳሃራው ግን ብልህ ነበር። ቱዋህን በሩቅ ደበቀውና ገድየዋለሁ ብሎ ላከ።

ቱዋህ ሞቷል ሲባል ጓደኛው ሀንግ ጀባት ነደደ። ያለ ፍርድ ጓደኛዬን የገደለ ንጉሥ ንጉሤ አይደለም ብሎ ቤተ መንግሥቱን ያዘ፤ ሱልጣኑም ሸሽቶ ወጣ። የሚችለው ሰው ጠፋ። ሱልጣኑ ተጸጽቶ "ምነው ቱዋህ በኖረ" ባለ ጊዜ ቤንዳሃራው እውነቱን ተናገረ። ቱዋህ ተጠራ፣ ይቅር ተባለ፣ ወደ ማዕረጉ ተመለሰ። የመጀመሪያ ትእዛዙም ያን ስለ እሱ ብሎ ያመፀውን ወዳጁን መግደል ሆነ። ገደለውም።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። በ"ሂካያት ሀንግ ቱዋህ"፣ ማለትም በገድሉ፣ ያመፀው ጀባት ነው። በ"ሰጃራህ ማላዩ" ግን ያው ድርጊት የተነገረው ስለ ካስቱሪ ነው። ሕዝቡ ልቡ ውስጥ ያስቀረው ጀባትን ነው። ለረጅም ዘመን ቱዋህ የታማኝ አገልጋይ ምሳሌ፣ ጀባት ደግሞ የከዳተኛ ምሳሌ ሆነው ኖሩ። ነፃነት ሲመጣ ግን ንባቡ ተገለበጠ። በ1959 ካሲም አሕመድ የሚባል ወጣት ምሁር ለዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጥናት እውነተኛው ጀግና ጀባት ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ወዲህ ትያትሩም ፊልሙም ጀባትን አነሳው። ዛሬም ማሌዥያውያን "አንተ ቱዋህ ነህ ወይስ ጀባት?" ብለው ሲከራከሩ ታገኟቸዋላችሁ።

ወደ ማላካ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ዜና መዋዕሉ ስለ ውርደትና ስለ መንግሥት መጥፋት የተናገረው ደርሷል። የመጨረሻው የማላካ ሱልጣን ማሕሙድ ሻህ በ1510 ቤንዳሃራውን ቱን ሙታሂርን በሐሜት ተነሳስቶ ከነቤተሰቡ አስገደለው። ቤንዳሃራው ሠራዊት ነበረው፤ መዋጋት ይችል ነበር። ነገር ግን ማላይ በንጉሡ ላይ አያምፅም ብሎ ሰዎቹን ከለከለና ሞተ። በዓመቱ፣ በነሐሴ 1511፣ ፖርቱጋላዊው አፎንሶ ዴ አልቡከርክ በ18 ያህል መርከቦች መጥቶ ከተማዋን ያዘ። ዜና መዋዕሉን የጻፉት ሰዎች ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጡት በከንቱ አይመስለኝም። መድፉ የፖርቱጋል ነው፤ ስንጥቁ ግን ከውስጥ ነበር።

አልቡከርክ የሚለውን ስም ሰምታችሁት ይሆናል። ከማላካ ወደ ሕንድ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1512 መጨረሻ ጎአ ላይ አንድ እንግዳ ተቀበለ፤ የእቴጌ እሌኒን ደብዳቤና ከግማደ መስቀሉ ቁራጭ ይዞ የመጣውን ማቴዎስን! የማላካን ሱልጣን ከዙፋኑ ያፈናቀለው ያው ሰው የእኛን መልእክተኛ በክብር ተቀብሎ ወደ ሊዝበን አሳፈረው። ብዙ ፖርቱጋሎች ግን ማቴዎስን "ሰላይ ነው፣ አታላይ ነው" ብለው በመንገድ ላይ አሰቃዩት። ባለማዕረግ መሆንህን የሚመሰክርልህ ሰው በሌለበት አገር ማዕረግ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ማቴዎስ በአካሉ ያወቀው ይመስለኛል።

ከማላካ ውድቀት በኋላ ላክሳማናዎች አልጠፉም። ሱልጣኑን ተከትለው ለዓመታት ከፖርቱጋሎች ጋር ተዋጉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጆሆር ላክሳማና ቱን አብዱል ጀሚል እንዲያውም ከቤንዳሃራው በልጦ የመንግሥቱ እውነተኛ ገዢ ሆኖ ነበር፤ በኋላ በተቀናቃኞቹ ወደቀ። ባሕሩን ማላዮች ለአውሮፓውያን እየለቀቁ ሲሄዱ ግን ማዕረጉ ከመርከብ ተለየ፤ የባላባት ስም ብቻ ሆነ። የመጨረሻው አሳዛኝ ምዕራፍ በፔራክ ነው። በ1875 የእንግሊዙ ተወካይ ጄምስ ቢርች እዚያ ተገደለ። እንግሊዞች ሱልጣን አብዱላህን፣ ከሹሞቹም ላክሳማና ሞሐመድ አሚንን ጨምሮ በ1877 ወደ ሲሸልስ ደሴቶች አጋዟቸው። ላክሳማናው በሕንድ ውቅያኖስ መሐል የሰው እስረኛ ሆነ።

ቃሉ ከዚያ እንዴት ተነሳ? በእንግሊዝ ባሕር ኃይል በኩል ዞሮ ነው የመጣው። በ1939፣ ጦርነቱ ሲመጣ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለማላዮች የተለየ ክፍል ከፈተና የአገሩን ልጆች መመልመል ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 በተነ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና አቋቋመ። በ1952 ንግሥት ኤልሳቤጥ ለዚህ ትንሽ ባሕር ኃይል "ሮያል" የሚል ማዕረግ ሰጠችው። አያችሁ፣ ሰው ብቻ አይደለም፣ ጦሩ ራሱ ባለማዕረግ ሆነ! አገሪቱ በ1957 ነፃ ወጣች፤ በሐምሌ 1958 ባሕር ኃይሉን ከእንግሊዝ ተረከበች። "ሮያል" የሚለውን ቃል ግን አልጣለችውም። "ዲራጃ" ብላ ተረጎመችው፤ የራስዋ ነገሥታት ነበሯትና።

ለመኮንኖቹ ማዕረግ ስም ሲፈለግ የድሮው ቃል እጅ ላይ ነበር። "ላክሳማና ፐርታማ" ብለው ባለ አንድ ኮከቡን ጠሩት፤ "ፐርታማ" አንደኛ ማለት ነው። "ላክሳማና ሙዳ" ሪር አድሚራል ነው፤ "ሙዳ" ማለት ወጣት። "ላክሳማና ማድያ" ቫይስ አድሚራል፤ "ማድያ" መካከለኛ። ከዚያ ሙሉው "ላክሳማና"። በድሮ ዘመን በአንድ ቤተ መንግሥት አንድ ላክሳማና ነበር፤ ዛሬ ብዙ ናቸው። ያኔ ሱልጣኑ ይወድሃል ወይስ ይጠላሃል የሚለው ይወስን ነበር፤ ዛሬ ካዴት ትገባለህ፣ መርከብ ላይ ትሠራለህ፣ ኮርስ ትወስዳለህ፣ የዕድገት ቦርድ ያይሃል። ኢንዶኔዥያና ብሩናይም ይህንኑ ቃል ለአድሚራሎቻቸው ይጠቀሙበታል።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። የመጀመሪያው ማሌዥያዊ የባሕር ኃይል አዛዥ ማን ነበር? ማላይ አልነበሩም። ኬ. ታናባላሲንጋም ይባላሉ፤ ከታሚል ማኅበረሰብ የወጡ፣ በእንግሊዝ ዳርትማውዝ የባሕር ኃይል ኮሌጅ የሠለጠኑ መኮንን። በታኅሣሥ 1967 ከአውስትራሊያዊው አዛዥ ሥልጣኑን ሲረከቡ ዕድሜያቸው 31 ነበር! በ40 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። እሳቸውም ኋላ ታን ስሪ ተባሉ። የማላዮች ታማኝ ሹም ስም ከሕንድ ገድል ተወስዶ ነበር፤ ማዕረጉ በዘመናዊ መልኩ ሲመለስ ደግሞ ቀድሞ ያረፈው የሕንድ ዝርያ ባለው ሰው ትከሻ ላይ ሆነ። ከእሳቸው ቀጥለው ሞሐመድ ዛይን ሞሐመድ ሳሌህ የመጀመሪያው ማላይ አዛዥ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ማላዮች ናቸው።

መርከቦቹስ? እያንዳንዱ የማሌዥያ ጦር መርከብ በስሙ ፊት "ካፓል ዲራጃ" የሚል አለው፤ "የንጉሥ መርከብ" ማለት ነው። ሰርጓጅ መርከቦቹ በሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ስም ከነማዕረጋቸው ነው የተሰየሙት፦ "ቱንኩ አብዱል ራህማን" እና "ቱን አብዱል ራዛቅ"። ሌሎቹን አንብቡ፦ "ሀንግ ቱዋህ"፣ "ለኪው"፣ "ለኪር"፣ "ካስቱሪ"፣ "ጀባት"። አምስቱም ጓደኛሞች የመርከብ ስም ሆነዋል። ጀባትም! በንጉሡ ላይ ያመፀው፣ በቱዋህ እጅ የተገደለው ሰው በ1999 አገልግሎት የጀመረ ፍሪጌት ስም ሆኗል። "የንጉሥ መርከብ ጀባት"። ዜና መዋዕሉን ብትከተሉና አማፂው ካስቱሪ ነው ብትሉ እንኳ እሱም የራሱ የንጉሥ መርከብ አለው። ማሌዥያውያን ክርክሩን አልዘጉትም። ታማኙንም ተቃዋሚውንም በአንድ ባንዲራ ሥር አሰለፏቸው።

ከእነዚህ መርከቦች አንዷ ወደ እኛ ሰፈርም መጥታለች። በ2008 የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ሁለት የማሌዥያ ጫኝ መርከቦችን ሲጠልፉ "ለኪው" ከሌሎች ጋር ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ተላከች። በጥር 2011 ደግሞ የማሌዥያ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በዚያው ባሕር ላይ "ቡንጋ ሎረል" የተባለችውን መርከብ አስለቅቀው 7 ወንበዴዎችን ያዙ።

ወደ ሁለተኛው መሰላል፣ ወደ ክብር ማዕረጎቹ ልመለስ። ማሌዥያ 13 ክፍለ ግዛቶች አሏት። ዘጠኙ በዘር የሚወርስ ገዢ አላቸው፤ እነሱ በአምስት ዓመት አንዴ ከመካከላቸው አንዱን የአገር ንጉሥ አድርገው ይመርጣሉ። ንጉሡ ከሚሰጣቸው ትልቁ "ቱን" ነው፣ ቀጥሎ "ታን ስሪ"፣ ቀጥሎ "ዳቱክ"። የቱንና የታን ስሪ ቁጥር በሕግ የተገደበ ነው። ሱልጣኖቹ በየግዛታቸው "ዳቶ" ይሰጣሉ። ጆሮ ያለው ሰው "ዳቶ" እና "ዳቱክ" ሲባል ብቻ ማን እንደሰጠ ያውቃል፦ "ዳቶ" ከሱልጣን፣ "ዳቱክ" ከንጉሡ ወይም ሱልጣን ከሌላቸው ግዛቶች አገረ ገዢ። የታን ስሪ ሚስት "ፑዋን ስሪ"፣ የዳቱክ ሚስት "ዳቲን" ትባላለች። ሴት በራሷ ሥራ ማዕረግ ብታገኝ ግን ባሏ ምንም አይጨመርለትም። እነዚህ ማዕረጎች አይወረሱም። በማላካ ዘመን "ቱን" የዘር ስም ነበር፤ ዛሬ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። አንድ አድሚራል በአገልግሎቱ ከዚህም ከዚያም ሲሸለም ስሙ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግር የለውም ወይ? ሞልቷል እንጂ! ማዕረግ በር ይከፍታል፤ በር የሚከፍት ነገር ሁሉ ደግሞ ገበያ ይወጣል። በየዓመቱ ዳቶ የሚባለው በዛ የሚል ሮሮ አለ። የሐሰት ማዕረግ የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ስለበዙ በ2017 በዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሕግ ወጥቷል። እኛ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የምንለው ለእነሱም ይሠራል። ማዕረግ ደግሞ ይነጠቃል። በ2019 የሰላንጎር ሱልጣን በሙስና ተከሰው ለነበሩት ለቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ ራዛቅ የሰጡትን ማዕረግ አገዱ።

ይህ ሁሉ የተቀባዩን ጫፍ የሚይዝ ነው። የሰጪውስ? ማሌዥያ እሱንም አልረሳችውም። በ1992 ከአንድ ሱልጣን ጋር የተያያዘ የድብደባ አቤቱታ አገር አነሳስቶ ነበር። በ1993 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ገዢዎቹ በግል ለሚፈጽሙት ነገር የነበራቸው ያለመከሰስ መብት ተነሳ፤ እነሱን የሚዳኝ ልዩ ፍርድ ቤትም ተቋቋመ። ሰማዩ ታረሰ፣ ንጉሡም ተከሰሰ! ጀባት ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰይፍ መዝዞ የጠየቀውን ጥያቄ ከ500 ዓመት በኋላ ፓርላማ በድምፅ መለሰው። ማንም አልሞተም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። እኛም የባሕር ኃይል ነበረን፣ ንጉሣዊ ማዕረግም ነበረን። የባሕር ኃይላችን ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ የንጉሡ የልጅ ልጅ ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከ60ዎቹ ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። ማዕረጉን ለመሻር ባለማዕረጉን ገደልን፤ ከዚያ ሁሉም "ጓድ" ተባለ፣ ጓዱም ጓዱን ገደለ። የድሮው ሥርዓት በደል አልነበረበትም እያልኩ አይደለም፤ ነበረበት፣ ብዙ ነበረበት። የምለው፣ ያለ ፍርድ "ይገደል" ማለት የማላካው ሱልጣን ስህተት ነው፤ ዙፋኑን የገለበጠ ሰው ሲደግመው ደግሞ ያው ስህተት እንጂ አብዮት አይሆንም።

ስለዚህ የማሌዥያ አድሚራል ረጅም ስም ሲነበብ ከሰማችሁ አትሳቁ። በውስጡ ሁለት ወገን የገባው ቃል አለ፦ አገልጋዩ አይከዳም፣ ገዢው አያዋርድም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲጠበቅ ማዕረጉ ጌጥ ነው፣ ሲብስም ማሰሪያ ገመድ ነው። ማላዮች ይህን ለመማር አንድ ከተማ፣ አንድ ባሕርና ብዙ ዘመን ከፍለዋል።

እናንተስ? ቱዋህ ናችሁ ወይስ ጀባት? የድሮ ተማሪዎቼ፣ መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልኝ፤ እንደ ድሮው "አዎ" ወይም "አይደለም" ብቻ ብሎ ማለፍ ማርክ አያሰጥም። መልካም ሰንበት!